ፊሽካ የያዘው ልጅ የማንን ሥራ እየሠራ ነው?

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አብነት ቆማችሁ ዙሪያችሁን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሰባተኛ ተነስቶ ወደ ዳርማርና ወደ ልደታ የሚወርደው ሚኒባስ፣ ረዳቱ በመስኮት እየተጣራ ያልፋል። ዕቃ ጭኖ መርካቶ ለመግባት የቸኮለው አይሱዙ ከኋላው ጥሩንባ ይነፋል። በመሀል ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች አሉ፤ ታላቅ የታናሹን እጅ ይዞ፣ ቦርሳ ከጀርባ እየዘለለ፣ አንድ እግር የእግረኛ መንገዱ ላይ፣ ሌላው አስፋልቱ ላይ። የእግረኛ መንገዱ ሙሉውን የእነሱ አይደለማ! ግማሹን የቆመ መኪና፣ ግማሹን ጉልት ይዞታል።

ከዚያ ፊሽካ ይሰማል። አንጸባራቂ ሰደርያ ያደረገ፣ ምናልባት የ13 ዓመት ልጅ፣ «ቁም» የሚል ምልክት ይዞ ወደ አስፋልቱ ይገባል። መኪኖቹ ይቆማሉ (አንዳንዱ ትንሽ አልፎ)። ልጆቹ ይሻገራሉ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና።

የተማሪ ትራፊክ እንለዋለን። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በር ላይ የተለመደ ነገር ነው፤ ይህን ከምታነቡት መካከል ሰደርያውን ራሳችሁ የለበሳችሁ ትኖራላችሁ። ወላጅ ያመሰግናል፣ ርእሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ያስጨበጭባል። እኔም ስንት ጊዜ በአድናቆት አይቼ አልፌያለሁ። አሁን ግን ሳየው ደስ አይለኝም፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ልጁን አይደለም፤ ያሠለጠነውንም ፖሊስ አይደለም። የምተቸው መንገዱን ነው። መንገድ እንደ ፊልም ወይም እንደ መጽሐፍ ሊተች ይችላል። አንድ ሰው ስሎታል፣ ሌላ ሰው አጽድቆታል፣ እኛን ደግሞ በየቀኑ አንድ ነገር እንድናደርግ ይገፋፋናል። ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ሾፌሩን «ፍጠን» ይለዋል፤ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ «ቀስ በል» ይለዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤት አጠገብ ላለ ለማንኛውም መንገድ፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ አንድ ጥያቄ ይዤ እቀርባለሁ፦ ልጁ ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ወደ ክፍሉ ቢገባ መኪኖቹ ይቆማሉ?

የመጋዙ ምሳሌ

ምህንድስና ስንማር፣ የደህንነት ትምህርት ላይ የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ፤ የአደጋ መቆጣጠሪያ እርከን ይባላል። እንጨት ቤት ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ መጋዝ አስቡ። ሰው እጁን እንዳይቆረጥ ምን ይደረግ? ከሁሉ የሚሻለው መጋዙን ማስወገድ ነው። ካልሆነ ጉዳቱ በሚቀንስ ሌላ መሣሪያ መተካት። ካልሆነ መጋዙ ላይ ሽፋን መግጠም። ይህም ካልተቻለ ደንብ ማውጣት፣ ማሠልጠን፣ ሰሌዳ መለጠፍ። የመጨረሻው፣ ከሁሉ ደካማው፣ ሠራተኛውን ጓንትና መነጽር ማልበስ ነው።

ቅደም ተከተሉ ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደህንነቱ በሰው ንቃት ላይ መመርኮዙን ይተዋል። ሽፋን ያለው መጋዝ ሠራተኛው ቢያዛጋም፣ ስልኩ ቢጮህም እጅ አይቆርጥም። ሰሌዳ ብቻ ያለበት መጋዝ ግን አንድ ሰው አንድ ጊዜ እስኪዘናጋ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

እስቲ የተማሪ ትራፊኩን በዚህ እርከን ላይ ፈልጉት። ፊሽካውና ምልክቱ አራተኛው እርከን ላይ ናቸው፤ ደንብና ማስጠንቀቂያ። ሰደርያው አምስተኛው ነው፤ ጓንት እንደ ማለት። ከላይ ያሉት ሦስቱ ባዶ ናቸው። የትኛውም ፋብሪካ፣ ሽፋን በሌለው መጋዝ አጠገብ የ13 ዓመት ልጅ አቁሞ «ሰው እጁን እንዳያስገባ ጠብቅ» ቢል በማግስቱ ይዘጋል። በትምህርት ቤት በር ላይ ግን የምስክር ወረቀት እንሰጠዋለን።

«ታዲያ ልጁ ይነሳ ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ? በፍጹም። ሽፋኑ ሳይገጠም ጠባቂውን ማንሳት እብደት ነው። እኔ የምለው ልጁ እዚያ መቆሙ የሥራው ማለቂያ ሆኖ መቆጠር የለበትም ነው።

18 ሜትር

አሁን ትንሽ ፊዚክስ። ካልኩሌተር ያላችሁ አብራችሁኝ ሥሩ።

አንድ ሚኒባስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በሰከንድ 8.3 ሜትር ማለት ነው። ድንገት ልጅ ብቅ አለ። ሾፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን አንስቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፍጅበት። በዚህ ጊዜ መኪናው ምንም ሳይቀንስ 12.5 ሜትር ተጉዟል። ከዚያ ፍሬኑ ይይዛል። አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ፣ ጎማውም ደህና ከሆነ፣ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሰከንድ 7 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ለመቆም ተጨማሪ 5 ሜትር ይበቃዋል። ድምሩ 17.5 ሜትር ነው። ልጁ 18 ሜትር ላይ ከነበረ ሾፌሩ ይሳደባል፣ ልጁ ይደነግጣል፣ ሁሉም ቤቱ ይገባል።

ያው ሚኒባስ፣ ያው ሾፌር፣ ያው ልጅ፤ ፍጥነቱን ብቻ 50 አድርጉት። በሰከንድ 13.9 ሜትር። በዚያችው አንድ ሰከንድ ተኩል 20.8 ሜትር ይሄዳል። ልብ በሉ፦ ልጁ ያለው 18 ሜትር ላይ ነው። ሾፌሩ ገና ፍሬኑን አልነካም። መኪናው ልጁን የሚያገኘው «ትንሽ ቀንሶ» አይደለም፤ በሙሉ 50 ነው። ጉልበቱም በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ከ30ው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ነው (2.8 እጥፍ)።

ሾፌሩ በሁለቱም ጊዜ እኩል ጎበዝ ነበር። ልጁም በሁለቱም ጊዜ እኩል ጥፋተኛ ነበር፣ ጥፋት ከተባለ። ልዩነቱን የፈጠረው ፍጥነቱ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድሉ 4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይናገራል። በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎችን በመግደል የትራፊክ አደጋ ቀዳሚ መሆኑንም ይኸው ድርጅት ነው የሚለው። ከወባም ከሌላውም በፊት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ያደግንበት ምክር ይመጣል፦ «ግራና ቀኝ አይታችሁ ተሻገሩ።» ጥሩ ምክር ነው፣ አትተዉት። ግን የልጅ ዓይን ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል የመረመሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ ጆን ዋንና ባልደረቦቹ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የሚመጣን መኪና ፍጥነት እንዴት እንደሚያነቡ ለኩ። አንድ ነገር ወደ እኛ ሲመጣ ዓይናችን ውስጥ ምስሉ ይተልቃል፤ አንጎላችን የሚመጣበትን ፍጥነት የሚገምተው በዚህ መተለቅ ነው። ያገኙት ውጤት ይህ ነበር፦ በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የሚመጣን መኪና፣ አምስት ሰከንድ ያህል ሲቀረው፣ እየመጣ መሆኑን በአስተማማኝ ሁኔታ ላይለዩት ይችላሉ። አዋቂዎች ከዚያ እጅግ የሚበልጠውን ይለያሉ።

ይህ ማለት ግራና ቀኝ ያየ፣ የተነገረውን ሁሉ ያደረገ ልጅ፣ መኪናውን እያየው «የቆመ ነው» ብሎ ሊገባ ይችላል። አልተዘናጋም። ዓይኑ ገና አልደረሰም። ከዚህ በኋላ ልጁን «ለምን አላየህም?» ብሎ መቆጣት የመሬት ስበትን እንደ መቆጣት ነው።

ጥያቄውን ይዘን ስንዞር

እንግዲህ መስፈርታችን ሁለት ነገር ይጠይቃል። መኪናው በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ከ30 እንዳይበልጥ፣ ይህም የሚሆነው ማንም ሳያስገድደው፣ መንገዱ ራሱ አስገድዶት እንዲሆን።

በዚህ ዓይን ዜብራ ብቻውን ይወድቃል። ቀለም ነው። ክረምት ያጥበዋል፣ በጋ አቧራ ይሸፍነዋል፤ አዲስ ሲሆንም ፍሬን የለውም። ሰሌዳም እንዲሁ።

የእግረኛ ድልድይ ከዚህ ሻል ያለ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም የባሰ የምተቸው እሱን ነው። መኪና ከሥር እንዲያልፍ ወደ 5 ሜትር መነሳት አለበት። አንዱ ደረጃ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 33 ደረጃ መውጣት፣ 33 መውረድ ነው። ቦርሳ የተሸከመ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ነፍሰ ጡር እናት፣ ዊልቸር ላይ ያለ ተማሪ፣ ሁሉም ተራራ ይውጡ፣ ሞተር ያለው ሜዳውን ይያዝ ማለት ነው። ከዚያ ልጆቹ በሥሩ ሲሮጡ «ድልድይ ተሠርቶላቸው!» እንላለን። ከሥሩ የሚያልፈው መኪና ፍጥነት ደግሞ አልቀነሰም፤ እንዲያውም እግረኛ የለም ብሎ ይጨምራል። ድልድዩ የፈታው የመኪናውን ችግር ነው።

ጉብታው (ስፒድ ብሬከር የምንለው) ግማሽ ማለፊያ ያገኛል። በትክክል ከተሠራ ይሠራል፣ ፍጥነትን በአካል ስለሚቀንስ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፤ መኪናው እሱን አልፎ መልሶ ይሮጣል። ልኬቱም አንዳንዴ እንደ ሠሪው ስሜት ነው፤ አንዱ ሳይታወቅ ይታለፋል፣ ሌላው የታክሲውን ሆድ ይፍቃል።

አሁን ደስ ወደሚለው እንምጣ። ከአብነት ወደ መርካቶ በኩል ስትሄዱ ያለችው ሰባተኛ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለገሃር፣ አዲስ አበባ መንገድን ለእግረኛ መልሳ መሳልን የሞከረችባቸው ቦታዎች ናቸው። የከተማው አስተዳደር ከግሎባል ዲዛይኒንግ ሲቲስ ኢኒሺዬቲቭ ጋር፣ በብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ የመንገድ ደህንነት ድጋፍ፣ መስቀለኛዎቹን እንደገና ነደፋቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መኪና በትክክል የማይጠቀምበትን አስፋልት ለይቶ ለእግረኛ መስጠት፤ በመጀመሪያ በቀለምና በጊዜያዊ ነገር መሞከር፣ ከሠራ በቋሚ መገንባት።

ይህ ለምን እንደሚሠራ በቁጥር ላሳያችሁ፤ ከተሠራው ሥራ ሁሉ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድ መኪና ኩርባ ሲታጠፍ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ይሰማዋል። ተሳፋሪ ሳይንገላታ የሚችለው የጎን ፍጥንጥነት በሰከንድ ስኩዌር 3 ሜትር ያህል ነው እንበል። የመታጠፊያው ፍጥነት የዚህ ቁጥርና የኩርባው ሬዲየስ ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። ማዕዘኑ ሰፊ ሆኖ ሬዲየሱ 15 ሜትር ከሆነ፣ መኪናው በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ሳይቸገር ይታጠፋል። ማዕዘኑን ወደ አስፋልቱ ገፍታችሁ ሬዲየሱን 4 ሜትር ብታደርጉት ያው ሾፌር 12 ላይ ይወርዳል። ማንም አላፏጨም። ኮንክሪቱ ነው የተናገረው።

ሁለተኛው ጥቅም በሰዓት ይለካል። ባለ 14 ሜትር መንገድ አለ እንበል። ትንሽ ልጅ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢራመድ 14 ሰከንድ መኪና ፊት ነው። በሁለቱም በኩል የእግረኛ መንገዱን ሁለት ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ብታስገቡ፣ መሀል ላይ ደግሞ ሁለት ሜትር ስፋት ያላት ማረፊያ ብትሠሩ፣ የሚቀረው አስፋልት 8 ሜትር ነው፤ እሱም በሁለት ይከፈላል። ልጁ በአንድ ጊዜ መኪና ፊት የሚሆነው ለ4 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ማዕዘኑ የወጣው ከቆሙት መኪኖች መስመር አልፎ ስለሆነ፣ ሾፌሩ ልጁን ገና ሳይገባ ያየዋል። የቆመ ሚኒባስ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ነው፤ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከኋላው ሲቆም የለም ማለት ነው።

እንግዲህ ከአብነት በእግር በሚደረስበት ቦታ መፍትሔው ተሞክሯል። ለምን ታዲያ ወደ ትምህርት ቤቱ በር አልወረደም? እዚህ ጋ ነው ትችቴ የሚጠነክረው። እንዲህ ያሉ ቦታዎች በአብዛኛው የሚመረጡት አደጋ በሚበዛባቸው ነጥቦች ነው፤ በካርታ ላይ ቀይ ነጥብ የሚሰበሰብበት። ለመጀመሪያ ሙከራ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ግን ይህ ዘዴ አንድ የማያየው ነገር አለ። የአንድ ትምህርት ቤት በር በዓመት የሚያስመዘግበው አደጋ ትንሽ ነው፤ ብቻውን ቀይ አይሆንም። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰው የፈራው መንገድ አደጋ አይመዘገብበትም። እናት ሥራዋን አዘግይታ ልጇን በእጇ ይዛ ታሻግራለች፣ አያት በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ተማሪ ትራፊኩ ያፏጫል። ያ ሁሉ ድካም በመዝገቡ ላይ «ዜሮ አደጋ» ተብሎ ይጻፋል፤ መሐንዲሱም መዝገቡን አይቶ «እዚህ ችግር የለም» ይላል። ልጁ ሥራውን በደንብ በሠራ ቁጥር መንገዱ የመሻሻል ተራው ይርቃል!

ስለ ኮሪደር ልማቱም ሳልናገር ባልፍ አድርባይነት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በትልልቆቹ ጎዳናዎች ላይ የተሠራው የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ የብስክሌት መስመርም መጣ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር በሚደረግበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ኮሪደር እንደ ስሙ ዋናውን መንገድ ይከተላል። የልጅ መንገድ ደግሞ የሚጀምረው ከቤቱ ደጅ፣ ከቅያሱ፣ ክፍት ቱቦ ካለበት ጥግ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት በሩን የሚከፍተውም ወደ ውስጥ መንገድ ነው። ያማረው የእግረኛ መንገድ ላይ ለመድረስ ያላማረውን 300 ሜትር ማለፍ አለበት። ሌላም ነገር፦ አዲስ ለስላሳ አስፋልት ያለ ፍጥነት መቀነሻ ሲመጣ፣ ቀድሞ በጉድጓድ ምክንያት ቀስ ይል የነበረው መኪና ይለቀቃል። (ጉድጓድ ለልጆች ደህንነት አስተዋጽኦ ነበረው ብዬ ስጽፍ እኔም ይገርመኛል።)

ከለንደን ይልቅ ዳሬሰላም

በውጭ አገር «የትምህርት ቤት ጎዳና» የሚባል ነገር ተስፋፍቷል። በተማሪ መግቢያና መውጫ ሰዓት በሩ ያለበት መንገድ ለመኪና ይዘጋል፤ ከዚያ ይከፈታል። ጣልያን ውስጥ ቦልዛኖ እ.ኤ.አ. በ1989 ጀመረችው ይባላል፤ ዛሬ በለንደንና በፓሪስ በብዛት አለ። እኛም ጋ መንገድን ለሰው መዝጋት እንግዳ አይደለም፤ «መንገድ ለሰው» እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ተጀምሮ እሁድ እሁድ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ አይተናል። ግን እሁድ ትምህርት የለም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሐሳብ እንዳለ አብነት ላይ ማምጣት ይፈልጋሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ምክንያቴን ስሙ። ለንደን ላይ ጠዋት በሩን የሚያጨናንቀው መኪና በአብዛኛው የወላጆች ነው። መንገዱ ሲዘጋ ወላጅ ከሩቅ አቁሞ ይራመዳል፤ ችግሩም አብሮ ይቀንሳል። አብነት አካባቢ ግን አብዛኛው ተማሪ ድሮም በእግሩ ወይም በታክሲ ነው የሚመጣው። የሚያስፈራው መኪና የትምህርት ቤቱ አይደለም፤ አላፊ ነው፣ ወደ መርካቶ የሚገባ ጭነት ነው፣ ጭንቅንቁን በውስጥ መንገድ ለመቁረጥ የሚሞክር ነው። እሱን በአንድ ቅያስ ብትዘጉበት በሚቀጥለው ቅያስ ይገባል፤ እዚያም ሌላ ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ የጭነት ማራገፊያ ሰዓት ከትምህርት ሰዓት መለየት አለበት። አይሱዙው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባይመጣ ምን ይሆናል? ነጋዴው ዕቃውን ማታ ወይም ማለዳ ይቀበላል፤ ቀላል አይደለም፣ ግን ይቻላል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ዳሬሰላም ይመስለኛል። አመንድ የሚባል ድርጅት፣ ሳርሳይ በሚል አጭር ስም በሚታወቅ ፕሮግራም፣ አደገኛ የሆኑ ትምህርት ቤቶችን ይለይና በር በር ላይ ትንንሽ ነገር ይሠራል። የእግረኛ መንገድ፣ መኪና እንዳይወጣበት የሚከለክል ቋሚ፣ ጉብታ፣ ማቋረጫ፤ አንዳንዴም የትምህርት ቤቱን በር ራሱን ከዋናው መንገድ ወደ ጎን መንገድ ማዞር። ይህ የመጨረሻው በጣም ነው የገረመኝ፤ በር ማዞር ግንበኛና ብረት በያጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፣ በእርከኑ ላይ ግን አናት ላይ ነው፤ አደጋውን ማስወገድ! ውጤቱን በጥናት ለክተውታል፤ በልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት እስከ 26 በመቶ መቀነሱ ተነግሯል። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2019 የደብሊው አር አይ የከተሞች ሽልማትን አሸንፏል።

እኔ አንድ በር ብቻ ተሰጥቶኝ ንደፍ ብባል፣ ዜብራውን ከፍ አድርጌ ነበር የምሠራው። ማቋረጫው ራሱ እንደ ሰፊ ጉብታ ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ይሆናል፤ ልጁ አይወርድም፣ መኪናው ይወጣል። ያኔ የማን መሬት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ሁለቱንም ማዕዘን አወጣለሁ፣ ከማቋረጫው በፊት ባሉት ሜትሮች መኪና እንዳይቆም ቋሚ እተክላለሁ። ከዚያ ስለ ውሃ አስባለሁ። ከውጭ የተቀዳ ንድፍ እኛ ጋ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ክረምት አለ። ከፍ ያለ ማቋረጫ በመንገዱ ዳርና ዳር የሚወርደውን ጎርፍ ይገድበዋል፤ ከሥሩ ቱቦ ካልተቀበረ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ኩሬ ይሆናል፣ ልጆቹም ኩሬውን ሽሽት ወደ አስፋልቱ ይመለሳሉ። አምቡላንስና ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና በጠባቡ ማዕዘን እንዴት ይታጠፋል የሚል ጥያቄም ይመጣል፤ ለእሱ ከባድ መኪና ሊረግጠው የሚችል፣ ትንሽ ግን የሚያንገጫግጭ የኮብልስቶን ጠርዝ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ለልጆች መንገድ የመንደፍ መመሪያ አንድ ቆንጆ ልማድ ያስተምራል፤ ከ95 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ማየት። የሦስት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። ከአብነት ብዙ ሳይርቅ ልደታ ጋ ሕንጻ ኮሌጅ አለ፤ እዚያ ያላችሁ ተማሪዎች ስልካችሁን በዚያ ከፍታ ይዛችሁ አንድ ጠዋት ቪዲዮ ብትቀርጹ የምትሉት ነገር ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። እኔ ስሞክረው ያየሁት አብዛኛው ነገር መከላከያ ብረት ነበር። የመኪና ባምፐር።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ ካሜራ እንኳ የማይፈልግ ሥራ አለኝ። ትምህርት ቤታችሁ ፊት ለፊት፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ሆናችሁ፣ በሜትር 50 ሜትር ለኩና ሁለቱን ጫፍ በሁለት ምልክት ያዙ፤ ዛፍና የመብራት ምሰሶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሁናችሁ ሥሩ፤ አንዱ መኪናው የመጀመሪያውን ምልክት ሲያልፍ እጁን ያንሳ፣ ሌላው በስልኩ ሰዓቱን ይያዝ። 180ን ለሰከንዱ አካፍሉ፤ የሚወጣው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ነው። 6 ሰከንድ ከሆነ 30 ነው። 4 ከሆነ 45። ወደ አስፋልቱ አትውረዱ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የተማሪ ትራፊኩ ባለበት ሰዓት አትለኩ። 4 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ክፍል ሲገባ፣ አርፍዳ ብቻዋን የምትመጣው ልጅ በምትሻገርበት ሰዓት ለኩ። ሃያ መኪና ይበቃል። ወረቀቱን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ስጡ፤ አንድ ኮፒ ደግሞ ለወረዳው።